ማንም ያላየው ኦርኬስትራ

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ገጽ ላይ አንድ የድሮ ተማሪዬ አንዲት ጥያቄ ጠየቀና የስድብ ናዳ ወረደበት። አንድ ወዳጄ ያጋራው ልብ የሚነካ ታሪክ ነበር፤ በሽታ አለበት፣ ችግር አለበት፣ መጨረሻው ላይ ድል አለበት። ልጁ ከሥሩ «ይሄ የት ነው የሆነው? ሰውየውን በአካል የሚያውቅ አለ?» ብሎ ጻፈ። በቃ። «ምቀኛ»፣ «ልበ ደረቅ»፣ «የሰው ስኬት የሚያምህ»... አንዱማ እናቱ ድረስ ሄደ። እነዚያን ኮመንቶች ካጠፋሁ በኋላ «አንድ ታሪክ እጽፍላችኋለሁ» ብዬ ቃል ገብቼ ነበር። ይኸው። ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ታሪኩ የእንግሊዝ አገር ነው፤ ሰዎቹም የክላሲካል ሙዚቃ ሰዎች ናቸው። «ክላሲካል አይገባኝም» ብላችሁ እንዳትዘሉት፤ እኔም ብዙ አይገባኝም። ማወቅ ያለባችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው። አንዱን የሾፓን ወይም የሊስት ድርሰት በጣም ብዙ ፒያኒስቶች ይቀዱታል። ኖታው አንድ ነው፤ ልዩነቱ ያለው አጨዋወቱ ላይ ነው። እኛ ዘንድ አንዱን ትዝታ ዘፋኙ ሁሉ በየራሱ ጉሮሮ እንደሚያወጣው ማለት ነው። የዚህ ሙዚቃ ፍቅር የያዛቸው ሰዎች ደግሞ ዋና ሥራቸው ማወዳደር ነው። የእገሌ ይቸኩላል፣ የእገሊት ይረጋል፣ የዚያኛው ግራ እጅ ይከብዳል ሲባባሉ ይውላሉ። ሰው ሥራ ሲፈታ እንዲህ ነው እንዳትሉ፤ ወደኋላ ላይ ጉዱን ያወጡት እነሱ ናቸው።

ጆይስ ሃቶ በ1928 ለንደን ውስጥ የተወለደች ፒያኒስት ናት። በ50ዎቹና በ60ዎቹ መድረክ ላይ ትታይ ነበር። ደህና ተጫዋች ነበረች እንጂ ስሟ የገነነ አልነበረም። በ70ዎቹ አጋማሽ ላይ ከመድረክ ጠፋች፤ ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ያስታወሳት ሰው የለም።

በ2000ዎቹ መጀመሪያ ግን በስሟ ሲዲ መውጣት ጀመረ። አንድ ሁለት አይደለም፤ ከመቶ በላይ። የሞዛርት ሶናታዎች በሙሉ፣ የቤትሆቨን ሶናታዎች በሙሉ፣ የፕሮኮፊየቭ፣ ከዚያ ሾፓን፣ ሊስት፣ ራክማኒኖቭ፣ መሲያን። ፒያኖ የሚጫወት ሰው ይህን ዝርዝር ሲያይ ላብ ያጠምቀዋል። ትልልቆቹ ፒያኒስቶች ከዚህ አንዱን ክፍል ይዘው ነው ዕድሜያቸውን የሚጨርሱት። እሷ ግን ሰባዎቹ ውስጥ ሆና፣ ካንሰር ይዟት፣ ሁሉንም አደረሰችው። ደግሞም ሲዲዎቹ ግሩም ነበሩ። ይህን ያዙልኝ፤ ሲዲዎቹ በእውነት ግሩም ነበሩ።

ከሲዲዎቹ ጋር አብሮ የሚሄድ ታሪክ ነበር። ሴትዮዋ ከመድረክ የራቀችው በ70ዎቹ ካንሰር ስለያዛት ነው ተባለ። አንድ ሃያሲ መድረክ ላይ ታምማ መታየቷን ነቅፎ ስለጻፈ ሁለተኛ ሰው ፊት አልቀርብም አለች ተባለ። ባሏ ስቱዲዮ አዘጋጀላት፤ ደህና የሆነችባቸውን ሰዓታት እየጠበቀ፣ ማይክራፎኑን በእጁ እየዘረጋ ራሱ ቀዳት። የመጨረሻ ቀረጻዋን የሠራችው በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆና ነው ተባለ። በጁን 2006፣ በ77 ዓመቷ ስታርፍ የእንግሊዝ ጋዜጦች አገሪቱ ካፈራቻቸው ታላላቅ ፒያኒስቶች ተራ አሰለፏት። ከዚያ በፊት በ2005 የቦስተን ግሎብ ሃያሲ ማንም ያልሰማላት ታላቅ ፒያኒስት ብሎ አስተዋውቋት ነበር።

እውነቱን ለመናገር ይህን ታሪክ ማመን ነውር አይደለም። እንዲህ ያለ ሰው አለ። የኛዎቹ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በ2006 የኢትዮፒክስ 21ኛው ሲዲ በስማቸው ሲወጣና ዓለም ሲያውቃቸው ሰማንያን አልፈው ነበር። አያችሁ አጋጣሚውን፣ ሃቶ የሞተችበት ዓመት ነው። የእማሆይ ታሪክም ሲሰሙት ልብ ወለድ ይመስላል፦ በልጅነት ስዊዘርላንድ፣ ከዚያ ካይሮ፣ ከዚያ ምንኩስና፣ ኢየሩሳሌም ውስጥ በአንዲት ትንሽ ክፍል አንድ ፒያኖ። ልዩነቱ ምን መሰላችሁ? የእማሆይን የሚይዙት የሚጨብጡት ነው። ከዚያ ሲዲ አርባ ዓመት ግድም ቀደም ብሎ፣ በ1967 ጀርመን አገር የታተመ ሸክላ አለ። ገዳሙ አለ፤ ሄዶ ደጁን ያንኳኳና ሲጫወቱ የሰማ ሰው አለ። በ2023 በ99 ዓመታቸው እስኪያርፉ ድረስ «የታሉ?» ላለ ሰው መልስ ነበረው።

የሃቶን ታሪክ የሚነግረው ግን አንድ ሰው ነበር፤ ባሏ። አሳታሚው እሱ፣ ቀጂው እሱ፣ ሻጩ እሱ፣ ለሃያስያን ደብዳቤ የሚጽፈው እሱ። ስሙ ዊልያም ባሪንግተን-ኩፕ ይባላል።

ይህ ሰው ለሙያው እንግዳ አልነበረም። ከ50ዎቹ ጀምሮ በሸክላ ንግድ ውስጥ የኖረ ነው። በ1960 ጆ ሚክ ከሚባለው ዝነኛ የድምፅ መሐንዲስ ጋር ትራያምፍ የሚባል አሳታሚ አቋቁሞ አንድ ዘፈናቸው እንግሊዝ ውስጥ ምርጥ አስር ገብቶ ነበር። በዚያው ዘመን እሱ እጁ ያለበት የርካሽ ሸክላ ገበያም ነበር። እዚያ ሸክላዎች ላይ የሚታተሙት የኦርኬስትራና የመሪ ስሞች ብዙዎቹ ፈጠራ ነበሩ። አንደኛው መሪ «ቪልሄልም ሃቫገስ» ይባላል። ጀርመናዊ ይመስላል አይደል? የአባቱን ስም በእንግሊዝኛ ጮክ ብላችሁ ስታነቡት «እስኪ ገምት» የሚል ይሆናል። ሰውየው ገዢው ላይ እየሳቀ ነበር ማለት ነው፤ ለዚያውም በአደባባይ፣ በሽፋኑ ላይ። በ1966 ደግሞ የሽያጭ ግብር በማጭበርበር ተከሶ አንድ ዓመት ተፈርዶበታል። ይሄ ሁሉ በጋዜጣ የወጣ፣ ፈልጎ ለሚያገኝ ሰው የተቀመጠ ነገር ነው። ግን የታመመች ሚስቱን የሚያስታምም ሽማግሌ የድሮ መዝገብ ማን ይፈትሻል? ነውር ነዋ!

እንግዲህ ወደ ኦርኬስትራው እንምጣ። ፒያኖ ብቻውን ጓሮ ውስጥ ይቀዳል እንበል። ኮንሰርቶ ግን ሰማንያ፣ ዘጠና ሙዚቀኛ ይፈልጋል። የሃቶ ኮንሰርቶዎች ሽፋን ላይ «ናሽናል ፊልሃርሞኒክ-ሲምፎኒ» የሚል ኦርኬስትራና «ሬኔ ኬለር» የሚባል መሪ ተጽፏል። ኦርኬስትራውን ያየ ሰው የለም። መሪውን የሚያውቅ ሙዚቀኛ የለም። አድማጮች «ማነው ይሄ ሰው?» ብለው ሲጠይቁ ባልየው የሕይወት ታሪክ ላከላቸው። ምን ዓይነት ታሪክ መሰላችሁ! ኬለር ጀርመን አገር የተወለደ አይሁዳዊ ነው፤ ናዚዎች ግራ እጁን ሰባብረውበት ፒያኒስት የመሆን ሕልሙ ቀረ፤ ከትሬብሊንካ የሞት ካምፕ ተረፈ፤ ከዚያ ደግሞ ሶቪየቶች ካምፕ ውስጥ ዓመታት አሰሩት። እንዲህ ዓይነት ሰው በሕይወት መኖሩን ተጠራጥረህ ጠይቅ እስኪ! ጠያቂው ራሱ ወንጀለኛ ይመስላል። ብልሃቱም እዚህ ላይ ነው። ለጥያቄው መልስ አልሰጠም፤ ጥያቄው የሚያሳፍር እንዲሆን ነው ያደረገው። ትሬብሊንካ ያለቁትን በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ለሲዲ ሽፋን ማሻሻጫ ማድረግ፣ እኔ በበኩሌ ከሌብነቱ ይልቅ ይሄ ነው የሚያንገሸግሸኝ።

ያም ሆኖ የጠየቁ ነበሩ። ከሙያው ሰዎች ይልቅ ተራ የሲዲ ሰብሳቢዎች። ጥያቄያቸው ልጅ የሚጠይቀው ዓይነት ነው፦ ኦርኬስትራው የት ከተማ ነው ያለው? አዳራሹስ? በአንድ ሳምንት ስንት ሲዲ ይቀዳል? ከዚያ ደግሞ ጆሮ ያላቸው ሰዎች አንድ ነገር አስተዋሉ። ፒያኒስት የራሱ ጠባይ አለው፤ ሞዛርትን ሲጫወትም ፕሮኮፊየቭን ሲጫወትም ጣቱ ይታወቃል። የሃቶ ጣት ግን ከሲዲ ሲዲ ይቀያየራል። አድናቂዎቿ ይሄንኑ እንደ ተአምር ቆጠሩት፤ «ለእያንዳንዱ ደራሲ ራሷን ትለውጣለች» አሉ። ተጠራጣሪዎቹ ደግሞ የሚገባቸውን ስድብ ቀመሱ። ቅናተኛ፣ ሴት ጠል፣ የታመመ የማያዝንላቸው ተባሉ። በ2006 አጋማሽ ላይ አንድ የታወቀ ሃያሲ «ግራሞፎን» በሚባለው ትልቁ የሙዚቃ መጽሔት ላይ፣ ማጭበርበር አለ የምትሉ ፍርድ ቤት የሚቆም ማስረጃ አምጡ ብሎ ጻፈ። ያመጣ አልነበረም። ከየት ይመጣል? የጠፋው የማስረጃ ዓይነት «ይሄ የእገሌ ቅጂ ነው» የሚል ነው። ያን ለማለት ደግሞ በዓለም ያለውን የፒያኖ ሲዲ ሁሉ ሰምቶ ማስታወስ ያስፈልጋል።

ያን ሥራ የሠራው ኮምፒውተር ነው። ለዚያውም ሳይጠየቅ።

ፌብሩዋሪ 2007 ነው። አሜሪካ፣ ኒውዮርክ ግዛት የሚኖር አንድ አድማጭ የሃቶን የሊስት ሲዲ ኮምፒውተሩ ውስጥ ከተተ። አስራ ሁለት ከባድ ጥናቶች ያሉበት ነው። ሰውየው ለመመርመር አይደለም የከተተው፤ አይፖዱ ላይ ሊጭነው ነው። የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ፣ አይቱንስ ሲዲ ሲገባለት በኢንተርኔት ካለ ትልቅ መዝገብ ጋር አመሳክሮ የአልበሙንና የተጫዋቹን ስም ራሱ ይሞላል። እንዴት ነው የሚያውቀው? ሙዚቃውን ሰምቶ አይደለም። እያንዳንዱ ሲዲ ላይ ትራኮቹ የት ጀምረው የት እንደሚያልቁ የሚናገር ማውጫ አለ። አለካኩም በሰከንድ 1/75ኛ ነው። አስራ ሁለት ትራክ ያለው ሲዲ የአስራ ሁለቱ ርዝመት ተደማምሮ እንደ ጣት አሻራ ይሆናል። ሁለት ፒያኒስቶች አስራ ሁለቱንም ቁራጮች በዚያ ልክ እኩል ርዝመት መጫወታቸው የማይታሰብ ነው።

ኮምፒውተሩ «ጆይስ ሃቶ» አላለም። «ላስሎ ሲሞን» አለ።

ላስሎ ሲሞን ሃንጋሪያዊ ፒያኒስት ነው፤ ቅጂው የወጣው ቢስ በሚባለው የስዊድን አሳታሚ ነው። አድማጩ ግራ ገብቶት ጄድ ዲስትለር ለሚባል ሃያሲ ጻፈለት። ዲስትለር የሃቶን ሲዲ ካሞገሱት አንዱ ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን ሰማና ከአስራ ሁለቱ አስሩ አንድ ዓይነት ሆነው አገኛቸው። ለባልየው ጻፈለት፤ ባልየው «እኔም ግራ ገብቶኛል» አለ። ዲስትለር ግን አላቆመም፤ የሃቶን የራክማኒኖቭ ኮንሰርቶዎች ከተተ። ኮምፒውተሩ የፊም ብሮንፍማን አለ፤ መሪው ኤሳ-ፔካ ሳሎነን፣ ኦርኬስትራው የለንደኑ ፊልሃርሞኒያ። እንግዲህ ከትሬብሊንካ የተረፈው ሬኔ ኬለር፣ ፊንላንዳዊው ሳሎነን ሆኖ ተገኘ።

ከዚያ ጎርፍ ነው። ግራሞፎን ሲዲዎቹን አንድሩ ሮዝ ለሚባል የድሮ ቅጂ የሚያድስ የድምፅ ባለሙያ ላከለት። እሱ የሁለቱን ድምፅ ሞገድ በሥዕል አውጥቶ አንዱን በአንዱ ላይ ደረበው፤ ገጠመ። አንዳንዱ በቀላሉ እንዳይያዝ ፍጥነቱ ተነካክቷል፤ የጣሊያናዊው የካርሎ ግራንተ ቅጂ እንዲዘገይ ተደርጎ ነበር። ጣሪያው ላይ ቀለም እንደተቀየረ የተሰረቀ መኪና ማለት ነው፤ የሞተሩ ቁጥር ያው ነው። ለንደን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ደግሞ፣ ከዚህ ወሬ ጋር ጨርሶ የማይገናኙ ተመራማሪዎች የሾፓንን ማዙርካዎች የተለያዩ ፒያኒስቶች እንዴት እንደሚጫወቱ ምት በምት እየለኩ ነበር። የሃቶ ልኬትና የዩጂን ኢንጂች የ1988 ቅጂ ልኬት አንድ ላይ ወደቀ። ሰው ራሱን እንኳ ሁለት ጊዜ እንደዚያ አይደግምም። የብራምስ ሁለተኛ ኮንሰርቶ የቭላዲሚር አሽኬናዚ ሆነ። አድናቂዎቹ በየአገሩ መደርደሪያቸውን እያመሱ፣ ሲዲ እያወዳደሩ፣ አንድ በአንድ ባለቤቱን ፈልገው መለሱ። ያኔ ነው ያ «ሥራ መፍታት» ያልነው የማወዳደር አመል ጥቅሙ የታየው።

ባልየው መጀመሪያ ካደ። በዚያው ወር መጨረሻ ላይ ለቢስ ባለቤት ለሮበርት ፎን ባር ደብዳቤ ጽፎ አመነ። ግን የእምነት ቃሉም ሌላ ተረት ነበር! ሚስቴ ራሷ ተጫውታለች አለ። ነገር ግን ሕመሙ ሲበረታባት ስታቃስት ድምፅዋ ቅጂው ላይ ይገባል፤ እኔ የተበላሸችዋን ቦታ ብቻ በሌላ ሰው ቅጂ ጣፍኩ፤ ቀስ በቀስ ጥፊያው ረዘመ፤ እሷ ምንም አታውቅም፤ ሁሉን ያደረግሁት ለፍቅር ነው አለ። ምሳሌም አመጣ። በ1952 ኪርስተን ፍላግስታድ የምትባለው ኦፔራ ዘፋኝ የቫግነርን ትሪስታን ስትቀዳ፣ የማትደርስባቸውን ከፍተኛ ድምፆች ኤሊዛቤት ሽዋርትስኮፕፍ አውጥታላታለች። ይሄ እውነት ነው፤ የታወቀ ታሪክ ነው። እሱም ብልሃቱን ከዚያ ተማርኩ አለ።

ስንት ሰው እዚህ ላይ እንባ አወጣ! ፎን ባር ራሱ፣ የተሰረቀው አሳታሚ፣ ለፍቅር የተደረገ ከሆነ ልከሰው አልፈልግም ዓይነት ነገር ነው የተናገረው። አድማጮቹ ግን ሲዲውን እንደገና ከፈቱ። ጥፊያ የሚባል የለም። ቁራጩ ከመጀመሪያው ኖታ እስከ መጨረሻው የሌላ ሰው ነው። ይሄኛው ትራክ የአንዱ፣ ቀጣዩ የሌላው። ኮንሰርቶውስ? እሺ ፒያኖዋ ላይ አቃሰተች እንበል፤ ኦርኬስትራው ምን ነክቶት ነው? ሰማንያ ሰው አብሮ ታመመ? ሬኔ ኬለርስ በየትኛው ሕመም ምክንያት ተፈጠረ? ያከማት ሐኪም በበኩሉ ለካንሰር መጀመሪያ የታከመችው በ1992 ነው አለ፤ ከመድረክ ከጠፋች አስራ ስድስት ዓመት ያህል ቆይቶ። «አታውቅም» የሚለውም አይጥምም። ሴትዮዋ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ስለነዚህ ቅጂዎች ለጋዜጠኞች በስልክ ታወራ ነበር። መቶ ሲዲ በስምህ ወጥቶ፣ ሰማንያ ሰው አጅቦህ፣ አንተ አታውቅም? በሽታዋ እውነት ነበር፤ አሟሟቷም። ለዚያ አዝናለሁ። ሐዘኔ ግን ኦርኬስትራ አይፈጥርም።

ከታሪኩ ሁሉ እኔን የሚገርመኝ ክፍል ይሄ ነው። ያ የብሮንፍማን ራክማኒኖቭ በ90ዎቹ መጀመሪያ በራሱ ስም ሲወጣ የገመገመው ሃያሲ ቀዝቀዝ ያለ ነገር ነው የጻፈው፤ ደህና ነው፣ ግን እሳት ይጎድለዋል ዓይነት። ከዓመታት በኋላ ያው ቅጂ፣ ያው ሞገድ፣ የሃቶ ስም ተለጥፎበት እጁ ሲገባ ያው ሃያሲ ከምርጦቹ ተራ መደበው። ጆሮው አልተለወጠም። የተለወጠው ሽፋኑ ላይ ያለው ስምና ከስሙ ጀርባ ያለው ካንሰር ነው። በሃያሲው ለመሳቅ አልቸኩልም፤ ምክንያቱም በራሴ ተማሪዎች ላይ ሞክሬዋለሁ።

ትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ አለ፤ ሁለት ስፒከርና አንድ የሚቆራረጥ ማይክ። አንድ ዓርብ ከሰዓት ለክበቡ ልጆች የሦስት ደቂቃ የሊስት ቁራጭ ሁለት ጊዜ አሰማኋቸው። መጀመሪያ «ይሄ ውድድር ያሸነፈ ወጣት ነው፣ በትልቅ ስቱዲዮ የቀዳው» አልኩ። ቀጥሎ «ይቺ ካንሰር የያዛት አሮጊት ናት፣ ባሏ ጓሮ ውስጥ የቀዳት፤ ከዚህ በኋላ ብዙ አልቆየችም» አልኩ። ያው ፋይል ነው፤ ከስልኬ ሁለቴ ነው የተጫንኩት። የመጀመሪያውን ሲሰሙ ሁለቱ ያወሩ ነበር፣ አንዱ መስኮት ያያል። በሁለተኛው ጸጥ አሉ። «የሷ ያሳዝናል»፣ «የሷ ዝግ ይላል»፣ «የልጁ ጉራ አለበት» ተባለ። አንዷ ዓይኗን ጠረገች። አንድ ፋይል መሆኑን ስነግራቸው ተንጫጩ፤ «ቲቸር፣ ይሄማ ማጭበርበር ነው!» አሉ። ልክ ናቸው። ዓይኗን የጠረገችው ልጅ ግን ቆይታ «ያዘንኩት ግን የምሬን ነው» አለች። እውነቷን ነው፤ መልስ አልነበረኝም። ሐዘኗ ውሸት አይደለም፤ ያዘነችላት ሴት ናት የሌለችው።

ሃያስያኑም እኮ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። «ግሩም ነው» ያሉት ግሩም ስለነበረ ነው፤ ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ ይሄ ነው። ያመሰገኑት ሲሞንን፣ ኢንጂችን፣ ግራንተን ነው። ምስጋናው ሌላ ሰው ቤት ደረሰ እንጂ። እንደ አሽኬናዚና ብሮንፍማን ያለው ስሙ የገነነ ነው፤ አንድ ቅጂ ቢሰረቅበት እንጀራው አይጎድልም። ሌሎቹ ግን ደህና ሥራ ሠርተው፣ ሲዲያቸው ጥቂት ተሽጦ፣ ሁለት መስመር ተጽፎላቸው የቀሩ ናቸው። ያ ሁሉ ገጽ ውዳሴ በራሳቸው ስም ቢመጣ ኖሮ ስንት መድረክ ይከፍትላቸው ነበር። እኔ ስለ ጠያቂው ልጅ ስቆረቆር የማስበው ይሄንን ነው። «ኦርኬስትራው የት ነው?» ያለው ሰብሳቢ ከአንዲት በሽተኛ ክብር ሊቀማ የመጣ ይመስል ነበር። የሠራው ግን ክብራቸው ለተቀማ ሰዎች ነው፤ ለዚያውም እነማን እንደሆኑ እንኳ ሳያውቅ።

ባሪንግተን-ኩፕ አልተከሰሰም። በ2012 ቢቢሲ ስለ ሁለቱ የቴሌቪዥን ፊልም ሠራ፤ ርዕሱ «ሚስ ሃቶን ማፍቀር» እንደማለት ነው። ርዕሱን አያችሁት? ከእምነት ቃሉ የተወሰደ ይመስላል። ፊልም እንዲህ ነው፤ ከሌባና ከሂሳብ ይልቅ ፍቅር ይሻለዋል። ሰውየው በ2014 ሞተ።

ላስሎ ሲሞን ቀደም ብሎ በ2009 አርፏል። ስሙን በዓለም ጋዜጦች ያስነሣው፣ በሕይወት ሳለ፣ ያ የኮምፒውተር ስክሪን ነው። ሊስቱን መስማት የምትፈልጉ በራሱ ስም ፈልጉት። አስራ ሁለተኛውን፣ የመጨረሻውን አስቀድሙ። ነፋስ እያዞረ ስለሚበትነው በረዶ ነው ይላሉ። እኔ በረዶ ሲዘንብ አይቼ አላውቅም፤ ቁራጩ ግን ክረምት ላይ ቆርቆሮ ሥር ተቀምጦ ሲሰሙት ይስማማል።